መኪናን የሚያስረጀው አቧራው ሳይሆን አጠራረጉ ነው፦ በግቢዎ የማጠብ፣ ሰም የመቀባትና የውስጥ ጽዳት መመሪያ



በአገራችን መኪና ለብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ያለ ትልቁ ንብረት ነው። ለታክሲ ሾፌር ደግሞ እንጀራው ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ በእጃችን ያለችው ቪትዝም ሆነች ኮሮላ በቀላሉ የምትተካ አይደለችም። ለመሸጥም ቢታሰብ ገዢው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው።

ታዲያ ይህን ንብረት ብዙዎቻችን በየጠዋቱ እንሞርደዋለን። እንዴት? ጠዋት ጥበቃው ወይም ከቤቱ ልጆች አንዱ ደረቅ ጨርቅ ይዞ ይወጣና መኪናዋን ከላይ እስከ ታች ይወለውላል። አቧራው ይነሳል፣ መኪናዋ ታበራለች፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ችግሩ አቧራ ማለት ዱቄት አለመሆኑ ነው፤ ውስጡ ደቃቅ አሸዋና ድንጋይ አለ። በጨርቁና በቀለሙ መሀል ገብቶ ሲታሽ ልክ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ፀሐይ ላይ ቆመው ኮፈኑን ሲያዩ ክብ ክብ ሆነው እንደ ሸረሪት ድር የሚታዩት ጭረቶች በአብዛኛው የመጡት ከመንገድ ሳይሆን ከጨርቅ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢሄዱ ይሄን ይያዙ፦ መጀመሪያ ቆሻሻውን በውሃ አላቆ ማውረድ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መንካት። የቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

1. የምንጠብቀው ነገር ምን ያህል ስስ ነው?

የፋብሪካ ቀለም በንብርብር የተሠራ ነው። ከታች ብረቱ፣ ቀጥሎ ዝገት መከላከያውና ፕራይመሩ፣ ከዚያ ዋናው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት ቀለም አልባ ሽፋን አለ። ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል። የሰው ጸጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። እንግዲህ በየቀኑ በጨርቅ የምንፈትገው ነገር ከአንድ ጸጉር የሳሳ ነው ማለት ነው።

ያ ስስ ሽፋን ነው ፀሐይን የሚመክተው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ ቀለም የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ ቀላል ይመስለናል እንጂ ለቀለም ቀላል አይደለም። ጣሪያና ኮፈን ላይ ክሊሩ እንደ እባብ ቆዳ የተላጠባቸውን መኪኖች በየመንገዱ የምናየው ለዚህ ነው። አንዴ ከተላጠ በኋላ ምንም ዓይነት ሰም አይመልሰውም፤ ያለው አማራጭ እንደገና ማስቀባት ነው፤ ዋጋውን ጋራዥ የገባ ያውቀዋል።

2. ምን ምን ያስፈልጋል?

ሁለት ባልዲ። አንዱ ለሻምፖው፣ ሌላው ጨርቁን ማለቅለቂያ። ሁለት የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፤ በአንድ ባልዲ ብቻ ካጠቡ ከበሩ ያነሱትን አሸዋ መልሰው ኮፈኑ ላይ እየቀቡት ነው።

የመኪና ሻምፖ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ለቀለም ከባድ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናም ቅባት ለማስለቀቅ የተሠራ ስለሆነ የቀቡትን ሰም ጠርጎ ይወስደዋል። በረኪና ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

የማይክሮፋይበር ጨርቅ አምስት ወይም ስድስት። በቀለም ለይተው ይያዟቸው፤ ለአካሉ አንድ ቀለም፣ ለቸርኬና ለጎማ ሌላ፣ ለውስጥ ሌላ። ቸርኬ የነካ ጨርቅ ወደ ኮፈን አይመለስም፤ ከፍሬን የሚወጣው ደቃቅ የብረት ብናኝ በውስጡ ይቀራልና። መሬት የወደቀ ጨርቅም እስኪታጠብ ድረስ ሥራ የለውም።

የማጠቢያ ጓንት ወይም ለስላሳ ስፖንጅ፣ ለቸርኬ ብሩሽ፣ እንዲሁም የውሃ ጎማ ወይም በእጅ የሚነፋ መርጫ። መርጫው ቀደም ሲል ለፀረ አረም ወይም ለፀረ ተባይ ያገለገለ መሆን የለበትም።

3. ውሃ ስንት ይፈጃል?

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይሄ ጥያቄ መዝለል የሚቻል አይደለም። ክፍት የተተወ የውሃ ጎማ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ሊትር ያፈሳል። ለሩብ ሰዓት ተከፍቶ ከቆየ ከ150 እስከ 300 ሊትር ሄደ ማለት ነው፤ ይህ ከ8 እስከ 15 ጀሪካን ነው። በመርጫና በሁለት ባልዲ ግን አንዲት የቤት መኪና በሁለት ጀሪካን ማለትም በ40 ሊትር አካባቢ ታጥባ ትወጣለች። ጭቃ የበዛባት ከሆነ ሦስት ያዘጋጁ።

በክረምት ከጣሪያ አሸንዳ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ለዚህ ሥራ ምርጥ ነው፤ ማዕድን ስለሌለው ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ አይተውም። የጉድጓድ ውሃ ግን በብዙ ቦታ ኖራነት አለው። የድሬዳዋ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚያየው ነጭ ቅርፊት ነው መስታወትና ቀለም ላይም የሚቀረው። ነጠብጣቡ ከቀረ አቼቶን በእኩል ውሃ አቅጥኖ፣ መኪናዋ ቀዝቅዛ ሳለ በጨርቅ ነካ ነካ ማድረግና ወዲያው በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው።

አንድ ነገር አይረሳ፤ ሳሙናውና ዘይቱ የት ይሄዳል? ወንዝ ዳርና ሐይቅ ዳር አውርዶ ማጠብ ዘይትና ግራሶውን ሰውና ከብት በሚጠጣው ውሃ ላይ መልቀቅ ነው። በአዲስ አበባም ፍሳሽ ወደ ወንዝ መልቀቅ በደንብ የተከለከለና የሚያስቀጣ ነው። በጓሮ ሣር ወይም ጠጠር ላይ፣ በጥቂት ውሃ ማጠቡ የተሻለ ነው።

4. አስተጣጠቡ በቅደም ተከተል

ሰዓቱን ይምረጡ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ። ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩት፤ የሚሞቅ ከሆነ ይጠብቁ። በጋለ ብረት ላይ ሻምፖ ሳይታጠብ ደርቆ ይቀራል።

ከቸርኬ ይጀምሩ። ከሁሉም የቆሸሸው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ካጠቡት የሚረጨው ጥቁር ውሃ በጸዳው በርና ፓራፋንጎ ላይ ያርፋል። ከመንገድ እንደገቡ የጋለ የፍሬን ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ፤ ሊጣመም ይችላል።

ሳይነኩ ውሃ ይርጩ። ከጣሪያ ጀምረው ወደ ታች፣ ሁሉንም ያርጥቡና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይተዉት። ጭቃው ይለሰልሳል። እንደገና ይርጩና ያውርዱት። የዚህ ሥራ ግማሹ ይሄ ነው፤ ሰው የሚዘለውም ይሄንኑ ነው።

ከላይ ወደ ታች ይጠቡ። ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ በሮች፣ በመጨረሻ ፓራውልትና የበሮቹ ታችኛ ክፍል። ጓንቱን በቀጥታ መስመር ይግፉት እንጂ አያዙሩት፤ አይጫኑትም። ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ በንጹሕ ውሃው ባልዲ ውስጥ አራግፈው፣ ጨምቀው፣ ወደ ሻምፖው ይመለሱ።

ያለቅልቁና ሳይደርቅ ያድርቁ። ጨርቁን ኮፈኑ ላይ ዘርግተው ቀስ ብለው ይጎትቱት ወይም ጫን ጫን እያደረጉ ውሃውን ያስጠጡት። በስፖኪዮና በበር እጀታ ሥር የሚቀረውን ውሃ አይርሱ፤ በኋላ እየወረደ መስመር ይሠራል።

ከግቢ ሲወጡ ፍሬን ይሞክሩ። የረጠበ ፍሬን ለጥቂት ጊዜ ይሰንፋል። ዋና መንገድ ከመግባትዎ በፊት በዝግታ እየነዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጥ ረገጥ ያድርጉት።

በማጠቢያ ቀን መካከል የወፍ ኩስ ካረፈባት ቀን አይቁጠሩ። ኩሱ አሲድነት አለው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ክሊሩን ይበላል። እርጥብ ጨርቅ አምስት ደቂቃ ጣል አድርገው ሲለሰልስ ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ መፈተግ አይደለም። መንገድ ሥራ ባለበት የሚለጠፈው ሬንጅ ደግሞ ቤንዚን አይፈልግም። ጨርቅ በምግብ ዘይት ነክረው ጥቂት ደቂቃ ቢያቆዩበት ይላላል፤ ከዚያ በሻምፖ ያጥቡት።

5. ፖሊሽና ሰም አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሁለቱንም «ፖሊሽ» ብለን ስለምንጠራቸው። ፖሊሽ በውስጡ በጣም ደቃቅ ሞራጅ አለው፤ ጭረት የሚያጠፋው ከክሊሩ ላይ ጥቂት ፍቆ በማስተካከል ነው። ማለትም ይቀንሳል። ሰም ግን ይጨምራል፤ ከላይ ስስ መከላከያ ያለብሳል፣ ጭረት አያጠፋም። በየወሩ «ፖሊሽ» የምትደረግ መኪና እያበራች እያበራች ክሊሯን እየጨረሰች ነው። ፖሊሽ ሲያስፈልግ ብቻ፣ ሰም ግን አዘውትሮ።

ቅኔ ቤት ሰም ላይ ላዩን ነው፣ ቁም ነገሩ ያለው ወርቁ ጋ ነው ይባላል። መኪና ላይ ግን ወርቁን የሚጠብቀው ሰሙ ነው።

ገበያ ላይ ያለው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ካርናውባ የሚባለው ተፈጥሯዊ ሰም ነው፤ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዝርያ ቅጠል የሚገኝ ሲሆን ጥሩ ያበራል፣ ግን ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ወር ገደማ ነው የሚቆየው። ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ማሸጊያ ነው፤ ከአራት እስከ ስድስት ወር ያገለግላል። ሦስተኛው ሴራሚክ ነው፤ በአግባቡ ከተቀባ ዓመታት ይቆያል፣ ነገር ግን ቀለሙ አስቀድሞ ፍጹም መጽዳት ስላለበትና ስህተቱ አብሮ ስለሚደርቅ ለጀማሪ አይመከርም።

«አገራችን የንብ ሰም አምራች ናት፣ ለምን እሱን አንቀባም?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ በጠራራ ፀሐይ የቆመ ጥቁር ኮፈን ደግሞ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ብቻውን ሲቀባ ይለሰልሳል፣ አቧራም ይይዛል። ካርናውባ ከ80 ዲግሪ በላይ ስለሚታገሥ ነው የተመረጠው።

6. ሰም እንዴት ይቀባል?

መጀመሪያ ይሞክሩ። እጅዎን በስስ ፌስታል ውስጥ አስገብተው የታጠበውንና የደረቀውን ኮፈን በቀስታ ዳሰስ ያድርጉ። አሸዋ አሸዋ ካለዎት በቀለሙ ላይ የተጣበቀ ነገር አለ፤ ሰም ከላይ ከመቀባትዎ በፊት «ክሌይ» የሚባለውን እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ማጽጃ፣ በሻምፖ ውሃ እያራሱ በቀስታ ማንሸራተት ያስፈልጋል። ክሌዩ ከወደቀብዎት ይጣሉት።

ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ በደረቅና በቀዘቀዘ አካል ላይ፣ ጥቂት ሰም ይውሰዱ። ስስ አድርጎ መቀባት ነው ሙያው። ወፍራም ቢቀቡ አይበረታም፤ ለማንሳት ብቻ ያስቸግራል። አንድ ክፍል ቀብተው ደመና ሲመስል በጣት ይሞክሩት፤ ጣትዎ ያለፈበት ከጠራ ደርሷል፣ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ያንሱት። ጥቁር ፕላስቲክና ላስቲክ ላይ ግን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ሰሙ ማለቁን በምን ያውቃሉ? ውሃ ሲረጩ እንደ ዶቃ ክብ ክብ ብሎ የሚንከባለል ከሆነ አለ፤ ተዘርግቶ የሚተኛ ከሆነ አልቋል። ለእኛ የአየር ጠባይ ሁለት ጊዜ ቢይዙ ይበጃል፦ ግንቦት መጨረሻ ላይ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሁለተኛው ከመስከረም በኋላ የበጋው ፀሐይና አቧራ ሳይበረታ። ካርናውባ የሚጠቀም በመሀል ሊደግም ይገባል።

7. ውስጡና መብራቱ

ውስጡን ሲያጸዱ ከደረቅ ወደ እርጥብ ይሂዱ። ምንጣፎቹን አውጥተው ያራግፉ፣ ወለሉንና ወንበሩን በቫኪዩም ወይም በብሩሽ ያጽዱ፣ ከዚያ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ዳሽቦርዱን ይጥረጉ። ጨርቅ ወንበር ላይ ውሃ አያፍስሱ፤ ስፖንጁ ውስጥ ገብቶ ካልደረቀ ይሸታል። ወተት ፈስሶ ወይም ምንጣፍ ረጥቦ ለቀረ ሽታ፣ የደረቀውን ቦታ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰው አሳድረው ጠዋት ይጥረጉት። ሽቶ ሽታን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም።

የሚያበራ ቅባት መሪ፣ ፔዳልና ወለል ላይ ፈጽሞ አይቀባም። መሪ ከእጅ፣ ፍሬን ከእግር ካመለጠ ማማሩ ምን ያደርጋል? ጎማ ላይም ናፍታና የተቃጠለ ዘይት መቀባት ይቅር፤ ለአንድ ቀን ያጠቁረዋል፣ ላስቲኩን ግን ይጎዳል።

የፊት መብራት ቢጫ ሆኖ ከደበዘዘ የሌሊት እይታዎን ይቀንሳል። መብራቱ ፕላስቲክ ስለሆነ መከላከያው በፀሐይ ሲያልቅ ነው የሚደበዝዘው። በፕላስተር ዙሪያውን ሸፍነው በቁጥር 1000፣ ከዚያ 2000፣ ከዚያ 3000 ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያጠጡ ይሹትና በፖሊሽ ይጨርሱ። ዋናው ግን ከዚያ በኋላ የፀሐይ መከላከያ ሽፋን መቀባት ነው፤ ያለዚያ ከወራት በኋላ ይመለሳል። በጥርስ ሳሙና መፈተግም ለጊዜው ያጠራዋል፣ አይዘልቅም።

8. ሞተርና የኤሌክትሪክ መኪና

ሞተርን በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማጠብ በአሁኑ ጊዜ መኪኖች ላይ ጣጣ ነው። ሴንሰሩ፣ ዲናሞው፣ የፊውዝ ሳጥኑ ሁሉ እዚያ ነው። የግድ ከሆነ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ በፌስታል ይሸፈኑ፣ ማጽጃውን በብሩሽ እየነኩ በረጠበ ጨርቅ ያንሱት። በቤንዚን ማጠብ ግን እሳት መጥራት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ደግሞ አትስጉ፤ ባትሪው በታሸገ ሳጥን ውስጥ ስላለ ዝናብም ሆነ ተራ እጥበት አይጎዳውም። ሦስት ነገር ብቻ ይጠበቅ፦ ቻርጅ ላይ ሳለች አትታጠብም፤ የቻርጅ መሰኪያው ክዳን በደንብ ይዘጋ፤ የግፊት ውሃ በመሰኪያው፣ በብርቱካናማ ኬብሎችና በባትሪው መጋጠሚያ ላይ በቅርብ አይተኮስ። አንዳንዶቹ ላይ የእጥበት ምርጫ ስላለ ዝናብ መጥረጊያው በራሱ እንዳይነሳ እሱን ያብሩት።

ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ አፋር የጨው አካባቢ ደርሳችሁ የተመለሳችሁ፣ ከላይ ያለው ቢያበራም ሻንሲውን በንጹሕ ውሃ አጥቡት። ዝገት የሚጀምረው ከማይታየው ነው።

9. ላቫጆ የሚሄዱስ?

ሁሉም ሰው ግቢና ጊዜ የለውም። ላቫጆ ከሄዱ ሦስት ነገር በትሕትና ይናገሩ፦ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ በውሃ ብቻ አውርድልኝ፤ ቸርኬ ያጠብክበትን ስፖንጅ አካሉ ላይ አታሳርፍብኝ፤ ሻንሲው ላይ ናፍታ አትርጭ።» የማድረቂያ ጨርቅ ከቤት ይዘው ቢሄዱ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም የሚያበላሹት፤ ወረፋ ስላለና ማንም ስላልነገራቸው ነው። ቲፕ ሲሰጡም ስለ ፍጥነቱ ሳይሆን ስለ ጥንቃቄው ይስጡ።

ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ይዞ ለሚወጣው ጥበቃም ይሄንኑ ማስረዳት ነው። ውሃ ከሌለ አቧራዋን እንዳለች ይተዋት፤ መስታወቱንና ስፖኪዮውን ብቻ ረጥቦ በተጨመቀ ንጹሕ ጨርቅ ያጽዳ፣ ለማየት ይበቃል። አቧራ ለብሳ የምታድር መኪና ቀለሟ አይጎዳም። ቅዳሜ ውሃ ሲመጣ በሁለት ጀሪካን ትታጠባለች።

መረጃው ይጠቅመዋል ለምትሉት መኪና ላለው ወዳጃችሁ አጋሩት። መልካም የእጥበት ቀን!